«ኑዛዜው ቤቱን በሙሉ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠው»

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ካረፉ ሁለት ወር ሆነ። እናታችን በሕይወት አሉ፤ እኛ አራት ልጆች ስንሆን የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። አባቴና እናቴ የተጋቡት በ1968 ዓ.ም ነው፤ አዲስ አበባ ያለውን ቤታችንን የሠሩት ደግሞ በ1979 ዓ.ም። ካርታው በአባቴ ስም ነው። ከአርባው በኋላ ታናሽ ወንድሜ ኑዛዜ ነው ብሎ ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣ። በኮምፒውተር የጻፈው እሱ ራሱ መሆኑን አይክድም፤ አባቴ እየነገሩት እንደጻፈው ይናገራል። ወረቀቱ ቤቱን በሙሉ “ለጦረኝ ልጄ” ብሎ ለእሱ ይሰጣል፤ ለእኛ ለሦስታችን ለእያንዳንዳችን 50,000 ብር። በመጨረሻው ገጽ የአባቴና የሦስት ምስክሮች ፊርማ አለበት። በለቅሶው ላይ ደግሞ አባቴ ከሌላ ሴት የወለዱት አንድ ወንድ ልጅ እንዳለ አወቅን፤ ኑዛዜው ስለ እሱ ምንም አይልም። አባቴ ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ለአክስቴና ለጎረቤታችን “ሱቋን ለትልቋ ልጄ ሰጥቻለሁ” ብለዋል። ሽማግሌዎች “የአባትን ቃል ማፍረስ ነውር ነው፤ ተቀበይ” ይሉኛል። ወንድሜ አሁን እናቴም እንዲፈርሙ ሌላ ወረቀት አዘጋጅቷል። ምን ላድርግ?»

የመጀመሪያ ልጅ ነኝ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ አባትዎን፣ ወንድምዎን፣ ምስክሮቹንና ሽማግሌዎቹን አገኘሁ። በሁለተኛው የፈለግኋቸው እናትዎን ነበር። ሦስት ቦታ ብቻ አሉ፤ በሕይወት መኖራቸውን፣ በ1968 ማግባታቸውን፣ አሁን ደግሞ ሊፈርሙ መሆኑን ነግረውኛል። እሳቸው ስለ ቤቱ ምን እንዳሉ ግን አልጻፉልኝም። መልሴን ከእሳቸው የምጀምረው ለዚህ ነው። እናትዎ በቦታቸው ሳይቀመጡ የሚሠራ የውርስ ሒሳብ ሁሉ ስህተት ነው።

ሰው የሚናዘዘው የራሱን ነው። ቤቱ የተሠራው በትዳር ውስጥ ነው፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት ደግሞ የባልና የሚስት የጋራ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ንብረቱ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ሆኖ እንዲቆጠር ደንግጓል። ስለዚህ ወንድምዎ «ካርታው የአባቴ ስም ነው» ሲል እውነቱን እየተናገረ ነው፤ ክርክሩን ግን አያሸንፍበትም። አባትዎ ሲያርፉ ለውርስ የተከፈተው የቤቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ትናንትም ዛሬም የእናትዎ ነው። «ቤቱን በሙሉ» የሚለው ቃል፣ ወረቀቱ እንከን የሌለው ኑዛዜ ቢሆን እንኳ፣ ከግማሹ ማለፍ አይችልም።

ብዙ ሰው የሚደነግጥበትን ነገርም ልጨምር። በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ በሌለበት ውርስ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። የሟች ልጆች ይወርሳሉ፤ ልጅ ከሌለ ወላጆች፣ ከዚያም ወደ ጎን ወደ ላይ እያለ ይሄዳል፤ ሚስት ወይም ባል ግን በመስመሩ ውስጥ የሉም። እናትዎ ከዚህ ቤት የሚያገኙት በባለቤትነት የያዙትን ግማሽ ነው። እሱ ሳይለይ ልጆች መከፋፈል ከጀመሩ እናት ከነግማሽ ቤታቸው የልጅ ጥገኛ ሆነው ይቀራሉ።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የምነግርዎት። ውርስ አጣሪ ሆኜ በተሾምኩበት አንድ ጉዳይ ሦስት ወንድማማቾች ግቢያቸውን በሲባጎ ለክተው ጠበቁኝ። በየጥጉ ምስማር መትተዋል፤ ሳሎኑ የትልቁ፣ ሰርቪሱ የመካከለኛው፣ የመኪና ማቆሚያውና የጓሮው ቁራሽ የትንሹ። ሲባጎው እናታቸው ልብስ በሚያሰጡበት ገመድ ሥር ያልፍ ነበር፤ ሴትዮዋ እርጥብ አንሶላ ተሸክመው እግራቸውን ከፍ እያደረጉ ይሻገሩታል። «የእርስዎ ድርሻ የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው። «እኔማ ልጆቼ ጋ ነኝ» አሉኝ። የግቢው ግማሽ የእሳቸው ነበር፤ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ልጆቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይመስለኝም። እናት ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ስላለች ከቤቱ ጋር አብራ የምትወረስ ይመስላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው የሚበላሸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሕጋችን የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ነው፦ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በእጁ ጽሑፍ የሚያደርገውና በቃል የሚደረግ። የወንድምዎ ወረቀት ከሦስቱ አንዱን መሆን አለበት።

በግልጽ የሚደረገውን ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ኮምፒውተርም አይከለክለውም። ነገር ግን በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ፣ ከዚያም ሁሉም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ምስክሮቹ 2 ብቻ ቢሆኑ የሚበቃው አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ሲሆን ነው። እርስዎ የነገሩኝ ሦስት ምስክሮች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ እንዲህ ያለ ሹም ካልሆነ ወረቀቱ በዚህ በር አይገባም።

በእጅ ጽሑፍ የሚደረገው ምስክር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ተናዛዡ ራሱ የጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ይህ ወረቀት የልጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊርማውም መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ይህም በር ተዘጋ። ሕጉ ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቅ ለማየት ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ የያዘችውን ስቴፕል ይመልከቱ። ስቴፕሏን አንስቶ የመጀመሪያውን ገጽ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ወንድምዎ አድርጎታል ማለቴ አይደለም። ሟች ተነስተው «እንዲህ አላልኩም» ማለት ስለማይችሉ ግን ሕጉ በእሳቸው ፈንታ ይጠራጠራል።

በነገራችን ላይ፣ ኑዛዜያችሁን በእጃችሁ ጽፋችሁ ሣጥን ውስጥ ወይም ዳዊት መሐል ያስቀመጣችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ እንዲህ ያለ ኑዛዜ ከተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሣጥኑን ዛሬ ክፈቱና ቀኑን እዩ።

ስለዚህ በነገሩኝ መሠረት ወረቀቱ እንደ ኑዛዜ የሚጸና አይመስለኝም። ነገር ግን ጉድለት ያለበት ኑዛዜ በራሱ ጊዜ አይወድቅም፤ መቃወሚያ ቀርቦበት ፍርድ ቤት ማፍረስ አለበት። ለመቃወም የተሰጠው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። «ሙት ዓመቱ ይውጣና» እየተባለ ተራዝሞ ተራዝሞ መብታቸው ያመለጣቸውን ሰዎች አይቻለሁ። እርስዎ ሁለት ወር ላይ ነዎት፤ ሦስተኛውን ወር ሳይጨርሱ ጠበቃ ያነጋግሩ።

ሱቋን በተመለከተ የምነግርዎት አያስደስትዎትም። አክስትዎና ጎረቤታችሁ ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ በቃል ለሚደረግ ኑዛዜ ቁጥሩ ይበቃል። አባትዎም በተናገሩ በሁለት ሳምንት ስላረፉ፣ ተናዛዡ 3 ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜ ይቀራል የሚለው ድንጋጌ አይነካዎትም። ችግሩ በቃል ኑዛዜ ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነገር መሆኑ ነው፦ ስለ ቀብር ሥርዓት ማዘዝ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትን መወሰንና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መስጠት። 500 ብር በ1952 ዓ.ም ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ለቅሶ ደርሶ በታክሲ ለሚመለስ ሰው እንኳ ላይበቃ ይችላል። ሕጉ ግን አልተነካም። ሱቋ በዚህ ቃል የእርስዎ አትሆንም። እዚህ ላይ ራስዎን ይጠይቁ፦ የወንድምዎ ወረቀት በሥርዓት ጉድለት ይውደቅ ካሉ፣ የእርስዎም የሆስፒታል ቃል በዚያው ሚዛን ይመዘናል። አንዱን ይዘው ሌላውን መጣል ሽማግሌዎቹ ፊት አያስከብርዎትም።

አሁን ደብዳቤዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወዳለፈው ሰው እንምጣ። ከሌላ ሴት የተወለደው ወንድማችሁ አባትነቱ በማስረጃ እስከተረጋገጠ ድረስ ከእናንተ ጋር እኩል ወራሽ ነው። ግማሽ ልጅ፣ ሩብ ልጅ የሚባል በሕጉ የለም። ኑዛዜው ዝም ማለቱም ከውርስ አያስወጣውም። ሰው ልጁን ከውርስ ሊነቅል ይችላል፤ ነገር ግን በግልጽ፣ በኑዛዜው ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ነው። «ረሳሁት» ወይም «አፈርኩበት» መንቀል አይደለም።

የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ስትሄዱ እሱን ትታችሁ «አራት ነን» ብትሉ፣ ለዚያም ምስክር ብታቆሙ፣ ማስረጃው በኋላ ሊሰረዝ ይችላል፤ ምስክሮቻችሁም በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ። ልጁ መብቱንና ውርሱ በእናንተ እጅ መሆኑን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለው። ለቅሶ ላይ ቆሞ አይታችሁታል፤ ስለዚህ እንደሚያውቅ ታውቃላችሁ። ለእናትዎ ይህ ልጅ ቁስል መሆኑ አይጠፋኝም። ቁስሉን የፈጠረው ግን ልጁ አይደለም፤ የፈጠሩት ሰው ደግሞ አርባቸው ወጥቷል።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው። ኑዛዜው ከወደቀ ውርሱ ያለ ኑዛዜ ይሆናል፤ ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ከቤቱ 50 በመቶው የእናትዎ ነው። የቀረው 50 ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ ይደርሳል፤ ለእርስዎ 10፣ ለወንድምዎ 10፣ ለአዲሱ ወንድማችሁም 10። ሱቋም በዚያው ስሌት ትሄዳለች። ከመካፈላችሁ በፊት ከአባትዎ ድርሻ ላይ የቀብር ወጪ፣ የውርስ ማጣሪያ ወጪና የአባትዎ ዕዳ ይነሳል። በተቃራኒው ኑዛዜው ቢጸና፣ ለምሳሌ ከምስክሮቹ አንዱ የውልና ማስረጃ ሹም ሆኖ ቢገኝ፣ ወንድምዎ የሚያገኘው ያንኑ የአባትን ግማሽ ነው፤ በክፍፍሉ ድርሻው ከልክ በላይ የጎደለበት ልጅም እንዲስተካከልለት የሚጠይቅበት መንገድ አለው። በየትኛውም መንገድ ወንድምዎ ቤቱን በሙሉ አያገኝም። ይህን በእርጋታ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩት። ብዙ ጠብ የሚበርደው ሰው የሚጣላበት ነገር መጠኑ ሲታወቀው ነው።

ለእናትዎ የሚወጣው የጡረታ አበል ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ በሟች ሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ጡረታ የውርስ ሀብት ስላልሆነ ማንም አይካፈለውም። ሙስሊም አንባቢዎቼ ደግሞ ሁሉም ተከራካሪዎች ከተስማሙ የውርስና የኑዛዜ ጉዳያቸውን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ፤ እዚያ ስሌቱ ሌላ ነው።

ሽማግሌዎቹን አልንቃቸውም። ኑዛዜ በአማርኛችን የንስሐም ስም ነው፤ ለነፍስ አባት የሚነገርና ለልጆች የሚተው ቃል በአንድ ስም ስለሚጠሩ የአባት ኑዛዜ ሲባል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቢጠይቋቸው ደስ ይለኛል፦ «የአባትን ቃል ማፍረስ ነውር ከሆነ የእናትን ቤት መስጠትስ?» ይህን ጠይቀው ዝም ይበሉ። ሽማግሌ የሚባል ሰው እዚህ ጋ ጋቢውን ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሌላ ነው።

የወንድምዎን ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። «ለጦረኝ ልጄ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? አባትዎን ሆስፒታል ያመላለሰው፣ ሌሊት ያገላበጠው፣ መድኃኒት ፍለጋ የዞረው ማን ነበር? ደብዳቤዎ አይነግረኝም፤ እሱ ከሆነ ግን እናንተ ሦስታችሁ ባለዕዳዎች ናችሁ። ወረቀቱ መውደቁ ድካሙን አይሰርዘውም። ለሕክምና ያወጣው ገንዘብ ደረሰኝ ካለው በሟች ላይ እንዳለ ዕዳ ሊያቀርበው ይችላል። ከዚያም በላይ ወራሾች ስትስማሙ እንደፈቀዳችሁ መካፈል ትችላላችሁ፤ ከየድርሻችሁ ቀንሳችሁ ለእሱ መጨመር የሚከለክላችሁ የለም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከክሱ በፊት ይህን ይዤ እሄድ ነበር፦ «ወረቀቱን ተወው፣ እኛ ደግሞ ድካምህን እናስብ።» እንደገመትኩት ከሆነ ወንድምዎ ወረቀቱን የጻፈው ለቤቱ ሲል ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው «ጦርኸኝ» እንዲለው ፈልጓል። እናንተ ብትሉት ያኔ ወረቀቱ ይቀልለት ይሆናል። ላይቀልለትም ይችላል።

ስለዚህ በአንድ እጅዎ ሽምግልናውን ይዘው በሌላው ሥራዎን ይሥሩ። የቤቱን ካርታ ኮፒ፣ የአባትዎንና የእናትዎን የጋብቻ ማስረጃ፣ የሞት ማስረጃውን፣ የኑዛዜ ተብዬውን ሁለቱንም ገጾች በፎቶ ጭምር ይያዙ። ወንድምዎ ቤቱን ሊሸጥ ወይም በስሙ ሊያዞር ይችላል ብለው ከፈሩ ፍርድ ቤት እግድ እንዲሰጥ ያመልክቱ፤ ለእግድ መቆየት ማለት አንዳንዴ ገዢ መምጣት ማለት ነው። ሁላችሁንም የሚያስማማ ሰው ካልተገኘ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ይቻላል። አጣሪው ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳውን ይለያል፣ የእናትን ድርሻ ያወጣል፣ ወራሾችን ይዘረዝራል። ከተስማማችሁ ደግሞ ስምምነቱን ሽማግሌ ፊት ብቻ አትተዉት፤ በጽሑፍ አድርጋችሁ ውልና ማስረጃ አስመዝግቡት። ቤቱ አንድ ስለሆነ በአምስት መቆራረጥ አይቻልም፤ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ በገንዘብ ይገዛል፣ ወይም አብራችሁ ትይዙታላችሁ፣ ሁሉም እምቢ ካለ ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈላል። መሸጡን የመጨረሻ አድርጉት፤ እናትዎ ያሉበት ቤት ነው።

የቀረው ለእናትዎ የተዘጋጀው ወረቀት ነው። እንዳይፈርሙ። ይህን ስል ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። ምን እንደሚል አልነገሩኝም፤ የኑዛዜውን መቀበል ይሁን፣ የድርሻ ስጦታ ይሁን፣ የእሳቸው ኑዛዜ ይሁን አላውቅም። የትኛውም ቢሆን ሐዘን ላይ ያሉ ሴት ቤታቸው ውስጥ፣ ተጠቃሚው ልጅ አጠገባቸው ቆሞ የሚፈርሙት ነገር መሆን የለበትም። ስጦታ ከሆነ ከፈረሙ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። ኑዛዜ ማድረግ ከፈለጉ መብታቸው ነው፤ ግማሹን ቤት ለፈለጉት ልጅ ይተዉ፣ ለታናሹም ቢሆን። ነገር ግን ልጅ ሳይከተላቸው ውልና ማስረጃ ይሂዱ፤ ራሳቸው ይናገሩ፤ ከልጆቻቸው ውጭ የሆኑ ምስክሮች ይያዙ። ሐሳባቸውን በፈለጉ ቀን መለወጥ እንደሚችሉም ይወቁ፤ «ኑዛዜዬን አልለውጥም» ብሎ ሰው ቢፈርም እንኳ ያ ቃል በሕግ አያስረውም።

ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ እናትዎን አጠገብዎ ያስቀምጧቸውና ይህን መልስ ያንብቡላቸው። ከማንበብዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ «እማዬ፣ ቤቱ ምን ይሁን ይላሉ?» መልሳቸውን በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይጻፉልኝ፤ እሱ ከደረሰኝ በኋላ የቀረውን እንነጋገራለን።